የስሜን ተራራ የእግር መንገድና በዳሩ የሚኖረው አርሶ አደር

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች የመውጫ በር ናት። ከደባርቅ ተነስቶ በቡይት ራስ፣ በሳንቃበር፣ በግጭ፣ በጨነቅና በቧሂት በኩል እስከ ራስ ደጀን የሚዘልቀው የእግር መንገድ ደርሶ ለመመለስ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ የሚፈጅ ሲሆን፣ በአገራችን ካሉት ረጃጅም የተራራ መንገዶች ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ነው። ይህን መንገድ ለጎብኚ ብሎ የቀየሰው መሐንዲስ የለም። ገብስና በግ ወደ ገበያ የሚያወርድ ገበሬ፣ ከደብር ወደ ደብር የሚሻገር ካህን፣ ጨው የጫነ ነጋዴ ሲመላለሱበት የኖሩት የአገር መንገድ ነው። ጎብኚው የመጣው ዘግይቶ ነው።

ስለ እርከን፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ከብት በሽታ በሚጻፍበት በዚህ ገጽ ላይ የእግር ሽርሽር ምን ቦታ አለው የሚል የገበሬ ማኅበር መሪ አይጠፋ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድ እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ በስሜን ገደል አፋፍ ላይ አራትና አምስት ቀን በእግሩ የሚሄደው፣ ያ ቦታ ስላልታረሰ፣ ሣሩ ተግጦ ስላላለቀ፣ አስታው ለማገዶ ተቆርጦ ስላልጠፋ ነው። እነዚህን ነገሮች ያላደረገው፣ ወይም እንዳያደርግ የተከለከለው፣ በዳሩ የሚኖረው አርሶ አደር ነው። እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ ወደዚህ አርሶ አደር እጅ የሚደርስበትን መንገድ ማበጀት ደግሞ ከማንም በላይ የቀበሌው መሪ ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ያለውን ክፍል ከሁለት የአዲስ አበባ ወጣቶች ጋር በእግሩ በሄደበት ጊዜ ያየውንና ከዚያ ወዲህ በአካባቢው የሆነውን እንደሚከተለው ያቀርባል።

ጉዞው የሚጀመረው በጭነት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኘው በሳንቃበር ሰፈር ጧት ፀሐይ ሳትሞቅ ባለ በቅሎዎች ተሰብስበው ይቆማሉ። ድንኳኑ፣ የመኝታ ልብሱ፣ ድስቱና ዱቄቱ በሁለት በሁለት ይታሰራል። ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ አቀበቱ ላይ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብልና የበቅሎዋን ጀርባ ይልጣል። መደላድሉን ቀድሞ ማስተካከል፣ መጫኛውን ደረት ሥር ማጥበቅ፣ ጥቂት አስኬዶ እንደገና ማየት፣ ይህ ሁሉ ከአባት የተወረሰ ሙያ ነው። ከመንገደኞቹ ጋር አስጎብኚ፣ ጠመንጃ የያዘ የፓርኩ ስካውትና ምግብ የሚያበስል ሰው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሦስት እንግዳ ሲመጣ ስድስትና ሰባት የአገር ሰው ሥራ ያገኛል ማለት ነው።

ሥራው የሚደለደለው በተራ ነው። ተራ ማለት በወረቀት ላይ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የመንገዱ ሰላምና ጠብ ሁሉ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። በዚያን ዕለት ጧት ከተሰበሰቡት መካከል አንድ አዛውንት ስማቸው ሳይጠራ በመቅረቱ ቅር ብሏቸው ቆመው ነበር። ነገሩ ሲጠየቅ፣ በቅሏቸው ባለፈው ጊዜ እግሯን ታማ ተራቸው በሌላ ሰው ተሸፍኖ ኖሮ፣ ያ የተሸፈነው ተራ እንደተወሰደ ይቆጠር ወይስ ይተካ የሚል ክርክር ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነጋገሩ በኋላ ጉዳዩ በሽምግልና አለቀ፤ አዛውንቱም በማግሥቱ እንዲጭኑ ተወሰነላቸው። እንግዶቹ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ አልገባቸውም። የገበሬ ማኅበር መሪ የሆነ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል፤ የመስኖ ውኃ ተራም፣ የእርዳታ እህል ተራም የሚያጣላው በዚሁ መንገድ ነውና።

ከዚህ ነገር የምንማረው አለ። የተራ መዝገብ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ሲኖር ሐሜት አያጣውም። በየሳምንቱ በሕዝብ ፊት ሲነበብ፣ ማንበብ የማይችለውም ሰው የራሱን ስምና ከእርሱ በፊትና በኋላ ያለውን ሰው በቃሉ ይይዛል። የታመመች በቅሎ ተራ እንዴት እንደሚተካ፣ ሁለት በቅሎ ያለው ሰው በልጁ ስም ሁለተኛ ተራ መያዝ ይችል እንደሆነ፣ በቅሎ እያላት የሚነዳላት ወንድ ልጅ የሌላት ባልቴት ነጂ ቀጥራ መግባት ትችል እንደሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ጠብ ከመነሳቱ በፊት በመተዳደሪያ ደንብ ቢጻፉ ይሻላል። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን መዝገቡ ውስጥ የሚገባው የየትኛው ቀበሌ ሰው ነው የሚለው ነው። ከተማው ውስጥ የሚኖር ሰው በቅሎ ገዝቶ ለመመዝገብ ይቀናዋል፤ ለቢሮው ቅርብ ነው፤ ወሬውንም ቀድሞ ይሰማል። ገደሉ አፋፍ ላይ የሚኖረው፣ ግጦሹ የተከለለበት ሰው ግን የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው ያለው። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ቅድሚያ የሚገባው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

ከሳንቃበር ወደ ግጭ ያለው መንገድ አምስትና ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። መጀመሪያ በገደሉ ጠርዝ በአስታ ጫካ ውስጥ ይሄዳል። በግራ በኩል መሬቱ በድንገት ይቆረጥና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ የቆላው አገር በጭጋግ ውስጥ ይታያል። እነዚህ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው ዓለት በላይ በላዩ ተነባብሮ የሠራቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ውኃ ሲቦረቡራቸው ኖሮ ነው አሁን የምናያቸውን ዓይነት አምባና ገደል የሆኑት። ጥቂት እንደተሄደ የጅንባር ወንዝ 500 ሜትር ያህል ወደ ገደል ሲወረወር ይታያል። ቆሞ ማየት ደስ ይላል፤ ወደ ጠርዙ መጠጋት ግን አይመከርም። ከዚያ ወደ ወንዙ ወርዶ በድንጋይ ላይ ተሻግሮ ወደ ግጭ የሚወስደው ረጅሙ አቀበት ይጀመራል።

ይህ አቀበት የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊያዩት የሚገባ ነገር አለው። በአቀበቱ ላይ ያለው መንገድ አንድ አልነበረም። ጎን ለጎን አራትና አምስት፣ በአንዳንዱ ቦታም ሰባት የተቦረቦረ ፈር ነበር። እንዲህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በክረምት ጭነት የያዘች በቅሎ በረገጠችው ቦታ ሣሩ ይነሳል፤ ጥቁሩ አፈር ይጋለጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ያንኑ ፈር እንደ ቦይ ይይዝና ቁልቁል ይሮጣል። በሁለተኛው ዓመት ፈሩ ጉልበት ድረስ ይጠልቃል። በዚያ ውስጥ መሄድ ስለሚያስቸግር ባለ በቅሎው ከአጠገቡ ባለው ደህና ሣር ላይ ይነዳል፤ እዚያም ሌላ ፈር ይከፈታል። በዚህ ዓይነት አንድ ክንድ ስፋት የነበረው መንገድ ሠላሳና አርባ እርምጃ የሚሆን የተራቆተ መሬት ይሆናል። የሚጠፋው ሣር ደግሞ የማንም ሳይሆን የዚያው አካባቢ ከብት ግጦሽ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ብርዱ ሣሩ ቶሎ እንዳያገግም ስለሚያደርገው፣ በአንድ ክረምት የተቦረቦረው በአንድ ክረምት አይድንም።

መድኃኒቱ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች አዲስ አይደለም። በእርሻ መሬት ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንዴት እንደሚወጣ የማያውቅ የገበሬ ማኅበር የለም። ለእግር መንገድም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በየጥቂት እርምጃው በመንገዱ ላይ በሰያፍ የተተከለ የድንጋይ መስመር ውኃው ፈሩን ይዞ ከመሮጡ በፊት ወደ ጎን ወደ ሣሩ ይመልሰዋል። በጣም ቀጥ ባለው ቦታ መንገዱን ማጠማዘዝና ጠፍጣፋ ድንጋይ በደረጃ መልክ መደርደር ያስፈልጋል። የተተዉትን ፈሮች ደግሞ እንደ ቦረቦር በትናንሽ ክትር ዘግቶ፣ የጓሳ ጉቶ እየነቀሉ መትከል ነው። ሥራው ሲሚንቶ አይፈልግም። የሚፈልገው ዶማ፣ ድንጋይና ሰው ነው። ከዚህም ሌላ የሚያስፈልገው፣ አንድ መንገድ ሲሠራ ሌሎቹ እንዲዘጉና ባለ በቅሎው ሁሉ በዚያው በአንዱ ላይ እንዲነዳ የሚያዝ ደንብ ነው። ይህኛው ከዶማው ሥራ ይልቅ ይከብዳል።

ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ባላገሩ ውርጭ የሚለው አገር ከዚህ በታች ነው የሚጀምረው። በጉዞው ጊዜ በሜዳው ላይ የቤት መሠረቶች፣ የፈረሱ ካቦችና ሣር የወረሳቸው የገብስ እርሻ ድንበሮች ይታዩ ነበር። ይህ የግጭ መንደር ነው። ነዋሪዎቹ ከ400 በላይ አባወራዎች ሲሆኑ፣ በ2008 ዓ.ም. ቤታቸውንና መሬታቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር ተዛውረዋል።

ለምን እንደተዛወሩ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በዚያን ጊዜ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ በኋላ ሰፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1978 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው፣ ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያው ዝርዝር ከገቡት 12 ሥፍራዎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ምክንያቶቹም የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ እርሻና ግጦሽ ወደ ፓርኩ መግፋቱና በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ናቸው። ከዚያ መዝገብ እንዲወጣ ለማድረግ ከተወሰዱት እርምጃዎች ውስጥ የፓርኩ መስፋትና የግጭ ነዋሪዎች መዛወር ይገኙባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017፣ ማለት በ2009 ዓ.ም.፣ ስሜን ከአደጋ መዝገብ ተሰረዘ። እኛ ግጭ ሜዳ ላይ ድንኳን የተከልነው ከዚያ ሦስት ወር በኋላ ነው።

ሣሩ ወገብ ድረስ ደርሶ ነበር። ጅብራው በየቦታው ቆሟል። ይህ ተክል ብዙ ዓመት በዝግታ አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ነው። ከወጣቶቹ አንዱ ቦታው እንዴት ውብ እንደሆነ ደጋግሞ ተናገረ፤ እውነቱን ነው። በዚያው ሰዓት በቅሎዎቹን የሚያግደው ጎልማሳ በእጁ ወደ አንድ ካብ እያመለከተ፣ እርሱ የተወለደው እዚያ እንደሆነ ለስካውቱ ይነግረው ነበር። ካሣ ተከፍሎት፣ ደባርቅ ዳር ቤት ሠርቷል። ከብቶቹን ሸጧል። ከእርሻ ሌላ ሙያ ስላልነበረው የቀረችው በቅሎ ናት፤ ስለዚህ በገዛ መንደሩ ፍርስራሽ ላይ የእንግዳ ዕቃ ጭኖ ይመላለሳል። በመዛወሩ ተጸጽቶ እንደሆነ ሲጠየቅ ሐኪም ቤቱና የልጆቹ ትምህርት ቤት መቅረቡን አመስግኖ፣ ገብስ እየገዙ መብላት ግን ከባድ መሆኑን ተናገረ። ሌላ አልጨመረም።

እንግዲህ የተራው መዝገብ ጉዳይ ቀልድ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ የወጣው ይህን በመሰሉ ሰዎች መሬት መልቀቅ ጭምር ነው። ለእንግዳው የመግቢያ ክፍያ የሚሰበሰበው በፓርኩ በኩል ለመንግሥት ነው፤ ገንዘቡ በጥበቃው ሥራ ላይ ሊውል ይችላል፤ ወደ አባወራው ጓዳ ግን በቀጥታ አይገባም። በቀጥታ የሚገባው የበቅሎ ኪራይ፣ የስካውትነት አበል፣ የእንቁላልና የበግ ሽያጭ፣ የአስጎብኚነት ዋጋ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የግጭና የአካባቢው ሰው ስንት እጅ ያገኛል የሚለውን የሚወስነው የገበያ ዋጋ አይደለም፤ ከላይ ያልነው መዝገብ ነው።

በዚያች ሌሊት ያጋጠመንን ነገር መሪዎች ለባለ በቅሎዎቻቸው እንዲነግሩ እንመክራለን። ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ ማታ ራት አልበላም አለ። ራሱን ክፉኛ አመመው፤ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ጓደኛው ብርድ ነው ብሎ ሻይ አጠጣው። ያው የግጭ ተወላጅ ግን ገና ሲያየው የከፍታ ሕመም መሆኑን አወቀ። ከቆላና ከወይና ደጋ የመጣ ሰው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳበት እንዲህ ያለ ሕመም ይይዘዋል። ቀላል ከሆነ ባሉበት አርፎ ውኃ እየጠጡ መቆየት ይበቃል። እየባሰ ከሄደ፣ በተለይም ሰውየው ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚደባለቅበት ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ማውረድ ነው እንጂ ሌላ ብልሃት የለውም። የእኛው ወጣት እስከዚያ አልደረሰም። ቢሆንም በማግሥቱ እንዲወጣ አልተፈቀደለትም፤ በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጅንባር ወርዶ፣ በመኪናው መንገድ ወደ ጨነቅ ዞሮ እንዲጠብቀን ተደረገ። እስከ ማታ ድኖ ነበር።

የቀረነው በጧት ወደ እሜት ጎጎ ወጣን። ከፍታው 3,926 ሜትር ነው። በሦስት ወገን ገደል የሆነ ምላስ የመሰለ አፋፍ ሲሆን፣ ነፋሱ ቆብ ይነጥቃል። ከበታች በገደሉ እርከን ላይ ዋልያዎች ይታያሉ። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም የለም። ቁጥሩ በጥበቃ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሲያድግ ቆይቶ በቅርብ ዓመታት እንደገና በብዙ ቀንሷል። ጭላዳው ግን በመቶ እየተሰበሰበ ሣር ሲነጭ ይውላል። ለጎብኚ ትልቅ ትዕይንት ነው። ገብሱ ሊደርስ ሲል ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማሳ ለሚያስጠብቅ አባወራ ግን ጭላዳ ሌላ ነገር ነው። ይህን የማያውቅ የጥበቃ ስብሰባ ገበሬውን አያሳምንም።

ከእንስሳቱ ጉዳይ ሳንወጣ አንድ ነገር እንጥቀስ። በእነዚህ ተራሮች ላይ ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች አሉ። በባሌ ተራሮች እንደታየው ቀይ ቀበሮን በገፍ የሚጨርሰው ጥይት ሳይሆን ከቤት ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እረኛም ሆነ ባለ በቅሎ ውሻውን አስከትሎ ወደ ጓሳው ባይወጣ፣ የቀበሌው ውሾችም ክትባት ሲመጣ ሳይደበቁ ቢከተቡ ይህ አደጋ ይቀንሳል። በሽታው ሰውንም የሚገድል ስለሆነ ክትባቱ ለቀበሮው ብቻ ተብሎ የሚደረግ አይደለም።

እኛ ከሄድን ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም.፣ ይኸው የግጭና የእሜት ጎጎ አካባቢ በእሳት ተያያዘ። አንድ ጊዜ ጠፋ ከተባለ በኋላ እንደገና ተነሳ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት መከላከል ባለሙያዎች መጥተው እንደነበረ ይታወሳል። ይሁንና ሄሊኮፕተሩ እስኪደርስ ድረስ በቅጠልና በአፈር እሳቱን ሲመታ የሰነበተው የደባርቅና የአካባቢው ወረዳዎች ሕዝብ ነው። ስንቁን በትከሻው ይዞ ከወጣው መካከል ከዚያ መንደር የተዛወረ ሰው መኖሩ አያጠራጥርም። እንዲህ ያለው ሰው ተራራው የእኔ ነው ብሎ ባያስብ ኖሮ አቀበቱን ለመውጣት ምን ያስገድደዋል?

ይህ የእኔ ነው የሚለው ስሜት በትእዛዝ እንደማይመጣ የሚያሳይ ሌላ የአገራችን ምሳሌ አለ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ጓሳ የሚባለው ተራራማ መሬት አለ። የመንዝ ሰዎች ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ለብዙ ዘመን ቀሮ በሚባል የራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። የተመረጠ አለቃ ነበራቸው፤ መሬቱን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፍቱታል፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ መሬቱ ለገበሬ ማኅበራት ሲደርስ ያ ሥርዓት ፈረሰ። አዋጁ ለጭሰኛው ያስገኘው ነገር እንዳለ ሆኖ፣ በጓሳ በኩል ግን ጠባቂ የሌለው መሬት ሆነና ሁሉም የሚያጭደው ሆነ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞና ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰው። አሁን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ የእግር ጎብኚም ይሄድበታል። በወሎ በመቄት በኩልም ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው፣ እንግዳ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግሩ እየሄደ እንዲያድር፣ ዕቃውንም አህያ እንዲሸከም አድርገዋል። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መዝገቡን የያዘው የመንደሩ ሰው ነው።

የእንግዳ ነገር ግን እንደ በልግ ዝናብ የማይታመን መሆኑን ሳይናገሩ ማለፍ አንባቢን ማሳሳት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ የጎብኚ እግር ተቋረጠ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሳ፤ በዓመቱ መጨረሻም ወደ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተጀመረ። እርሻውን ትቶ በበቅሎው ብቻ ልኑር ያለ ሰው በእነዚህ ዓመታት ምን እንደገጠመው መገመት አያስቸግርም። በቅሎ ሥራ ብትፈታም ገብስ መብላቷን አትተውም። ስለዚህ አንድ የገበሬ ማኅበር የእግር መንገድ በቀበሌው ውስጥ ካለ፣ አባሎቹ መንገዱን እንደ ንብ ቀፎ ቢይዙት የተሻለ ነው። ማር ሲገኝ ይቆረጣል፤ ባይገኝም ማሳው አለ። እንግዳ በሚበዛበት ጊዜ ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂት ሳንቲም ለመጠባበቂያ ማስቀመጥም፣ እድርና እቁብ ለሚያውቅ ሕዝብ አስቸጋሪ ነገር አይሆንም። ገንዘብ ያዡ ግን ከተራ አስጠባቂው የተለየ ሰው ይሁን።

ወደ ጉዟችን እንመለስ። ከእሜት ጎጎ ወደ ጨነቅ የሚወስደው መንገድ እናትዬ በተባለው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው አፋፍ በኩል ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። እዚያ ላይ ሰው በየሃያ እርምጃው ይቆማል፤ ባለ በቅሎው ግን እያፏጨ ይወጣል። ወደ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከቆላ ተነስቶ ገደሉን ሞላውና ከፊታችን ካለችው በቅሎ በቀር ምንም የማይታይ ሆነ። ስካውቱ ወደ ግራ እንዳንሄድ ደጋግሞ አስጠነቀቀ። አጥንት ከከፍታ ወደ ድንጋይ እየጣለ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ በአጠገባችን አለፈ፤ ከዚያም በደመናው ውስጥ ጠፋ።

ወደ ጨነቅ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ መንገዱ በድንገት አንድ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ ወይም ጥቂት ሰዎች፣ በሰያፍ ድንጋይ ደርድረው ውኃውን ወደ ጎን መልሰውታል። አሥር ያህል ቦታ ቆጥረናል። ማን እንደሠራው ስንጠይቅ ባለ በቅሎዎቹ መሆናቸው ተነገረን፤ በዚያ ቁልቁለት ሁለት በቅሎ እግሯን ከሰበረች በኋላ ተነጋግረው፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦት ሁለት ቀን ሠርተውበታል። አበል የከፈላቸው የለም። ከቦዮቹ አንዱ በደለል ተሞልቶ ነበር። የግጭ ተወላጅ የሆነው ባለ በቅሎ ጭነቱን እየነዳ ሳለ ቆም አለና በያዘው ሽመል ጫፍ ጭቃውን ጠርጎ ከፈተው፤ ከዚያም በቅሎዋን ለመድረስ ሮጠ። ጨነቅ ስንደርስ ታሞ የነበረው ወጣት ከሰፈሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር፤ ጭነቱም ሳይፈታ ለቧሂት መውጫ የነገው ተራ የማን እንደሆነ ይነበብ ጀመር።